ባለቤቱ ሲመለስ

በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ፣ ፓርክ በሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል፣ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ምሽት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ ለቀው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጠዋት ሲመጡ በየቢሮው ያሉት ማሽኖች ደርቀው ቆመዋል። አንዱን መልሰው ሲያስነሱት ፕሮግራሟ በኔትወርኩ በኩል ደርሳ ትይዘዋለች፤ ያም ተመልሶ ይደርቃል። አንዳንዱ ማሽን የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ስለነበር ሄዶ ማጥፋትም አልተቻለም። ደግነቱ ለክፉ ቀን ብለው ያስቀመጡት አንድ ልዩ መልእክት ነበራቸው፤ እሱን ኔትወርኩ ላይ ሲለቁት የፕሮግራሟ ቁርጥራጮች ባሉበት ጸጥ አሉ። የተረፈው ግን የሚያሳፍር ነበር፦ በሕንጻው ውስጥ የተበተኑ 100 ያህል የሞቱ ኮምፒውተሮች።

ሰዎቹ ጆን ሾክና ጆን ሃፕ ይባላሉ። ታሪኩን ራሳቸው በ1982 ጽፈው አሳትመውታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮግራሟን «ትል» ነበር ያሏት፤ ስሙን ያገኙት ጆን ብራነር በ1975 ካሳተመው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። ዛሬ ትል ሲባል ቶሎ የሚመጣብን የጥፋት ፕሮግራም ነው። የእነሱ ግን ሌላ ዓላማ ነበራት። ፓርክ ውስጥ አልቶ የሚባለው የግል ኮምፒውተር ለየሠራተኛው ታድሏል፤ 100 ያህሉ በኤተርኔት ገመድ ተያይዘዋል። ቀን ባለቤቶቹ ይሠሩባቸዋል፣ ማታ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ዝም ብሎ ያድራል። ትሏ እሱን ጉልበት ፈልጋ እንድታገኝና እንድትጠቀምበት ነበር የተሠራችው።

እዚህ ጋ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበችኝ እሷ ናት። ማሽኑ ነፃ መሆኑ በምን ይታወቃል? በልማድ። ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ አልቶውን ሜሞሪ በሚፈትሽ ፕሮግራም ላይ ትቶት ይሄዳል። ትሏ ያንን ፕሮግራም ስታይ «ሰው የለም» ብላ ትገባለች። ከገባች በኋላ ደግሞ የማታልፈው ድንበር አለ፦ ዲስኩን አትነካም። ቴክኒኩ አይከለክላትም ነበር፤ ዲስኩ ላይ ግን የሰው ፋይል አለ፣ የሰው ፋይል ላይ መጻፍ ነውር ነው። ዝናብ የያዘው መንገደኛ በረንዳ ላይ ይጠለላል እንጂ ሣጥን አይከፍትም። ከመቶ የማይበልጡ፣ በስም የሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ይህ ሕግ ማስፈረሚያም ማስታወቂያም አላስፈለገውም።

ሥራን ለማሽን ማደል (በእንግሊዝኛው ስኬጁሊንግ የሚሉት፣ እኔ እዚህ ድልደላ የምለው) ማሽኑ ሁሉ ያንድ ባለቤት ከሆነ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የትኛው ሥራ ረጅም ነው፣ የትኛው ማሽን ፈጣን ነው፣ ማን ይቅደም። ሒሳቡ ሊከብድ ይችላል፤ ማሽኑ ግን አይቀየምም። ከማሽኖቹ ግማሹ የድርጅት ግማሹ የግለሰብ ሲሆን፣ አንዱ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ሰርቨር ሌላው የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ ሲሆን፣ ሒሳቡ ውስጥ ሰው ይገባበታል። ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ስልኩ ባትሪ ይጨርሳል፣ ባለቤቱ ፊልም ማየት ያምረዋል። ዛሬ ኤጅ ኮምፒውቲንግ የሚባለው፣ ማለትም ስሌቱን ከሩቅ ዳታ ሴንተር አውጥቶ በስልክ፣ በራውተር፣ በካሜራ፣ በሱቅ ጥግ ባለች ሣጥን ላይ ማስኬድ፣ የሚታገለው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነው፦ ባለቤቱ ሲመለስ እንግዳው ሥራ ምን ይሆናል? መልሱን በየዘመኑ ብትከታተሉት የተቀየረው ቴክኒኩ ብቻ አይደለም። «ባለቤት» የሚለው ቃል ራሱ እየተንሸራተተ ነው የሄደው። ቢያንስ እኔ ታሪኩን የማነበው እንደዚያ ነው።

ከሁሉም ጨዋው መልስ የመጣው ከዊስኮንሲን-ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1980ዎቹ እዚያ ያሉ መምህራንና ተማሪዎች ጠረጴዛቸው ላይ የራሳቸው ኮምፒውተር ነበራቸው። ሚሮን ሊቭኒና ማት ሙትካ እነዚህን ማሽኖች ሲከታተሉ ከጉልበታቸው 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሳይነካ እንደሚቀር አዩ። በሌላ በኩል አንድ ስሌት ለመጨረስ ሳምንታት የሚጠብቁ ተመራማሪዎች አሉ። ሊቭኒና ሙትካ ከማይክል ሊትዝኮ ጋር ሆነው ኮንዶር የሚባል ሥርዓት ሠሩ፤ በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ርዕስ ላይ «ሥራ የፈቱ ኮምፒውተሮች አዳኝ» ብለውታል። ኮንዶር ትልቅ የአሜሪካ አሞራ ነው፣ ከጥንብ አንሳ ወገን። ስሙ ይመጥነዋል፤ የሚንቀሳቀስ አይነካም፣ የተኛ ነው የሚፈልገው።

የኮንዶር መነሻ ሕግ ባለቤቱ ይቀድማል የሚል ነው። ባለቤቱ ተመልሶ ኪቦርዱን ሲነካ እንግዳው ሥራ ባለበት ይቆማል። ምናልባት ሰውየው ኢሜይል አይቶ የሚወጣ ከሆነ ብሎ ኮንዶር 5 ደቂቃ ያህል ይታገሣል። ሰውየው ካልተነሣ እንግዳው ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል፦ ሜሞሪ ላይ የነበረው ሁሉ፣ የት ድረስ እንዳሰላ ጭምር፣ ወደ ፋይል ይገለበጣል፤ ሌላ ነፃ ማሽን ሲገኝ ካቆመበት ይቀጥላል። ለሦስት ቀን የሄደ ስሌት ከዜሮ አይጀምርም። የትሏ ነውርም ወደ ኮንዶር ተሻግሯል። እንግዳው ሥራ ፋይል መክፈት ወይም መጻፍ ሲፈልግ ጥያቄው በኔትወርክ ወደ ላኪው ማሽን ይመለሳል፤ እዚያ «ጥላ» የተባለ ፕሮግራም ተቀምጦ ያስፈጽምለታል። የአስተናጋጁ ዲስክ አይነካም። ይኼኔ ጨዋነቱ ልማድ መሆኑ ቀርቶ ኮድ ሆኗል።

ሌላው ችግር ስግብግብነት ነው። በ1988ቱ ጽሑፍ 23 ማሽኖችን ለአንድ ወር ሲከታተሉ አብዛኛውን ጉልበት የወሰደው አንድ ተጠቃሚ ነበር። በወረፋ ብቻ ቢደለደል እሱ መቶ ሥራ አሰልፎ፣ አንዲት አጭር ሥራ ያላት ሌላዋ ከኋላው ታረጃለች። ስለዚህ «ላይ-ታች» የሚባል ስልት ተጠቀሙ፦ የሰው ማሽን በተጠቀምክ ቁጥር ቁጥርህ ይወጣል፣ ጠይቀህ ባጣህ ቁጥር ይወርዳል፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ይቀድማል። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሊል ይችላል። ወንፈል ነዋ! ያንተን ማሳ ሁለቴ አርመንልህ የኛ ሳይታረም ሦስተኛ ብትጠራን ማን ይመጣል? ማንም አይጽፈውም እንጂ መንደሩ ሁሉ ቁጥሩን በልቡ ይይዘዋል።

በ1998 ደግሞ ራጄሽ ራማን፣ ሊቭኒና ማርቪን ሰለሞን ድልደላውን ወደ ጋብቻ አስጠጉት። ሥራው ማስታወቂያ ያወጣል፦ ይህን ያህል ሜሞሪ እፈልጋለሁ፣ እንዲህ ያለውን ፕሮሰሰር እመርጣለሁ። ማሽኑም የራሱን ያወጣል፦ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ብቻ፣ የእገሌን የምርምር ቡድን አስቀድማለሁ፣ የእገሊትን ሥራ ጨርሶ አልቀበልም። መሐል ላይ የተቀመጠው አገናኝ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትን ፈልጎ ያስተዋውቃቸዋል፣ ከዚያ ዞር ይላል። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ብዙ የድልደላ ሥርዓቶች ማሽንን እንደ በሬ ነው የሚያዩት፣ የሚጠመድ። እዚህ ግን ማሽኑ፣ በባለቤቱ ስም፣ እምቢ የማለት ሙሉ መብት አለው።

ታሪኩ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የወጣው በኢንተርኔት ነው። በ1996 ጆርጅ ዎልትማን ጂምፕስ የሚባለውን ፍለጋ ጀመረ፤ ፈቃደኞች የቤት ኮምፒውተራቸውን ሰጥተው መርሴን የሚባሉትን ግዙፍ ፕራይም ቁጥሮች ያሳድዳሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ተገኘ። በ1997 ዲስትሪቢውትድ ዶት ኔት የሚባለው ስብስብ የአርሲ5ን ባለ 56 ቢት ቁልፍ ከ250 ቀን ፍለጋ በኋላ ሰበረ። ግንቦት 17 ቀን 1999 ደግሞ ከበርክሌይ ሴቲ አት ሆም መጣ፦ በፖርቶ ሪኮ የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ የሰማውን የሰማይ ድምፅ በ107 ሰከንድ እየቆራረጠ ለሰው ቤት ኮምፒውተር ይልካል፤ ስክሪኑ ዕረፍት ላይ ሲሆን ማሽኑ የሌላ ዓለም ፍጡር ምልክት ይፈልጋል። ዕድሜውን በሙሉ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎበታል።

ግን «የእኔ ማሽን» እና «የምሠራበት ማሽን» አንድ አይደሉም። የአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አንድ የኮሌጅ የኮምፒውተር ባለሙያ በሚያስተዳድራቸው ማሽኖች ላይ የዲስትሪቢውትድ ዶት ኔትን ፕሮግራም ጫነ። ኮሌጁ የጉዳቱን ዋጋ የተመነው፣ በጊዜው እንደተዘገበው፣ በሰከንድ 59 ሳንቲም ነበር፤ ሲደመር ከ400 ሺህ ዶላር ያልፋል። በከባድ ወንጀል ተከሰሰ። ጉዳዩ በ2002 መጀመሪያ በስምምነት ሲያልቅ የአንድ ዓመት የአመክሮ ክትትል፣ 2,100 ዶላርና 80 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ተወሰነበት። ማሽኖቹ ሥራ ፈት ነበሩ፣ ሥራው ለበጎ ነበር፣ የጠፋ ፋይል የለም። የኮንዶር ሕግ ሁሉ ተከብሯል ማለት ይቻላል፣ አንዱ ሲቀር፦ ፈቃዱን የሰጠው ባለቤቱ አልነበረም።

ደልዳዩስ ባለቤቱን ማመን ይችላል? ዊስኮንሲን ውስጥ ሰው ይተዋወቃል። ሴቲ ላይ ግን በስም ዝርዝር አናት ላይ ለመውጣት ብቻ ሳያሰላ «ጨርሻለሁ» የሚል ተሳታፊ መጣ። ሌላው ፕሮግራሙን ራሱ ነካክቶ ያፈጥነዋል፣ ውጤቱ ይበላሻል። መፍትሔው ውድ ነው፦ አንዱን ሥራ ለሁለት፣ ለሦስት የማይተዋወቁ ማሽኖች መስጠትና መልሳቸውን ማስተያየት። እንደ ምስክር ቃል። ነገር ግን ሐቀኛ የሆኑ ሁለት ማሽኖችም ይለያያሉ! የተለያየ ፕሮሰሰርና የተለያየ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የነጥብ ቁጥሮችን የሚያጠጋጉት ትንሽ በተለያየ መንገድ ነው፤ ስሌቱ ሲረዝም ልዩነቱ ይሰፋል። ከሴቲ ሰዎች አንዱ የሆነው ዴቪድ አንደርሰን በ2002 በጀመረው ቦይንክ ላይ ለዚህ መላ ተገኘ፦ ለምስክርነት የሚጠሩት ማሽኖች ዘመዳሞች ይሁኑ፣ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ አንድ ዓይነት ሲስተም። ፍርድ ቤት ውስጥ የሚያስጠረጥረው ዝምድና እዚህ ቅድመ ሁኔታ ሆነ። ቦይንክ በኋላም ብዙ ጊዜ ትክክል የመለሰ ማሽንን ያለ ምስክር ማመን፣ አልፎ አልፎ ብቻ መፈተን ተማረ።

ቦይንክ የኮንዶርን ጨዋነትም ወርሷል። በ2013 ወደ አንድሮይድ ሲገባ ስልኩ ቻርጅ ላይ ካልሆነ፣ ባትሪው 90 በመቶ ካልደረሰ፣ ዋይፋይ ላይ ካልሆነ አይሠራም ነበር፤ ባለቤቱ ካልቀየረው በስተቀር። ስልኩ ከጋለም ያርፋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፈቃደኞች ነው። ነጋዴው ሲገባበት የሆነውን ለማየት ወደ ስካይፕ እንሂድ።

ስካይፕ በነሐሴ 2003 ሲወጣ የጻፉት የኢስቶኒያ ፕሮግራመሮች ናቸው፤ ካዛን የሠሩት፣ ያ የሙዚቃ መለዋወጫ። ስለዚህ መሐል ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሰርቨር ሳይገነቡ ሰውን ከሰው ማገናኘት ያውቁበታል። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከተጠቃሚዎቹ ኮምፒውተሮች መካከል ጥሩ መስመር ያለው፣ ቀጥተኛ የኢንተርኔት አድራሻ ያለው፣ ሳይጠፋ የሚቆይ ማሽን ሲገኝ ሱፐርኖድ ተብሎ ይሾማል። ከዚያ የሌሎችን አድራሻ ይይዛል፣ ማን መስመር ላይ እንዳለ ያስታውቃል፣ በቀጥታ መገናኘት ያልቻሉትን ያገናኛል። ባለቤቱ ስለሹመቱ አይነገረውም። በርግጥ ተስማምቷል፤ ማንም በማያነበው የስምምነት ጽሑፍ ውስጥ የኮምፒውተርህን ፕሮሰሰርና የመስመር አቅም ሌሎች ተጠቃሚዎችን ለማገናኘት እንጠቀማለን የሚል አንቀጽ ነበረበት። የዲስኩ ነውር ከልማድ ወደ ኮድ፣ ከኮድ ወደ አንቀጽ ወረደ።

ለአበሻ ስካይፕ ምን እንደነበር ማብራራት አያስፈልግም። ዋሽንግተን ወይም ሮም ያለ ልጅ፣ አዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ ተጋርተው የተቀመጡ እናትና እህት፣ «ይሰማል? ይሰማል?» እያሉ። እነዚያ ጥሪዎች መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው ማሽን እጁን ሳይሰጣቸው አልሄዱም። በመስፈርቱ ካየነው ደግሞ የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ራሱ ሱፐርኖድ ለመሆን የሚበቃ አልነበረም፤ መስመሩ ቀጭን፣ አድራሻው የጋራ ነው። ሁልጊዜ እንግዶች ነበርን ማለት ነው፣ አስተናጋጅ ሳንሆን። የሚያስከፋ ነው አልልም፤ ብቻ ጉልበት የሚሰጠውና የሚቀበለው በሀብት መስመር እንደተከፈለ ልብ በሉ።

ታህሣሥ 22 ቀን 2010 ይህ ቤት ፈረሰ፤ የአፈራረሱ ዝርዝር ስለ ድልደላ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የሚበልጥ ነው። የስካይፕ የራሱ ጥቂት ሰርቨሮች ተጨናንቀው ምላሽ አዘገዩ። አንድ የዊንዶውስ የስካይፕ ስሪት የዘገየ ምላሽ ሲደርሰው የሚወድቅበት ስሕተት ነበረው፤ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ይህን ስሪት ይዘዋል። ከሱፐርኖዶቹ ከ25 እስከ 30 በመቶው አብሮ ወደቀ። የወደቀባቸው ሰዎች ስካይፕን መልሰው ሲከፍቱ ሁሉም አንድ ላይ የተረፉትን ሱፐርኖዶች አንኳኩ፤ ትራፊኩ በዚያ ሰዓት ከሚጠበቀው 100 እጥፍ ደረሰ። አሁን ነው ጉዱ። ሱፐርኖድ በውስጡ የተሠራ መከላከያ አለው፦ የአስተናጋጁን ሰው ኮምፒውተር ላለመጉዳት ጭነት ሲበዛበት ራሱን ከሥራ ያወጣል። እና ወጡ። አንዱ ሲወጣ ጭነቱ ለቀሩት ይተርፋል፣ እነሱም ይወጣሉ። ባለቤቱን ለማክበር የተጻፈችው ሕግ፣ ከኮንዶር ጀምሮ ስናደንቃት የቆየነው፣ ኔትወርኩን በሙሉ ይዛው ወረደች። ስካይፕ አንድ ቀን ያህል ተቋርጦ የተነሣው ኩባንያው የራሱን ማሽኖች «ሜጋ ሱፐርኖድ» አድርጎ በሺዎች ሲያስገባ ነው።

ማይክሮሶፍት በ2011 ስካይፕን ገዛ፣ በ2012 የሰዎቹን ማሽኖች በራሱ ሰርቨሮች ተካቸው። ምህንድስናውን ስናይ ትክክል ነው፤ ሰርቨር ባለቤት ተመልሶበት አይዘጋም። በዚያው ግን ሰውን ከሰው የማገናኘቱ ሥራ ባንድ ኩባንያ ቤት ማለፍ ጀመረ። ስካይፕ ግንቦት 5 ቀን 2025 ተዘጋ።

ጉልበቱን መለመን ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ኮቪድ አሳየ። የፕሮቲን አተጣጠፍን የሚያሰላው ፎልዲንግ አት ሆም ከ2000 ጀምሮ በፈቃደኞች ሲሠራ ኖሮ፣ በ2020 መጀመሪያ 30 ሺህ ገደማ ነበሩ። መጋቢት ላይ ዓለም ቤቱ ሲከተት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ገባ፤ ጉልበቱ ከ1 ኤግዛፍሎፕ አለፈ፣ በጊዜው ከነበረው ከማንኛውም ሱፐርኮምፒውተር በላይ። የጎደለው ሥራ አዳዩ ነበር። ሰው ማሽኑን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ሰርቨሮቹ ሥራ ቆርጠው ማከፋፈል አልቻሉም። ደቦ ተጠርቶ፣ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ መጥቶ፣ ከየት ጀምሩ የሚል ጠፋ። ትልልቅ የክላውድ ኩባንያዎች ሰርቨር አበርክተው ነው የተስተካከለው። ሴቲ አት ሆም በዚያው ወር መጨረሻ ሥራ ማደሉን አቆመ።

ኩባንያዎቹ ከስካይፕ የተማሩት ሰውን መልቀቅ አይደለም። ጂቦርድን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ጎግል በ2017 ያስታወቀውን ዘዴ ሳታውቁት አስተናግዳችሁ ይሆናል። የምትጽፉት ወደ ጎግል ከሚሄድ ሞዴሉ ወደ ስልኩ ይመጣል፤ እዚያው ተምሮ የተማረውን ለውጥ ብቻ ይዞ ይመለሳል። መቼ? ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን፣ በማይቆጥር ዋይፋይ ሲገናኝ፣ ባለቤቱ ሳይጠቀምበት ሲቀር። ዊስኮንሲንን ታስታውሳላችሁ። ሕጉ ቃል በቃል ያው ነው፤ የጻፈው ግን ባለቤቱ አይደለም። የጎግል ተመራማሪዎች በ2019 እንደጻፉት በአሜሪካ የሚገኙ ስልኮች ሌሊት ለሥራ የሚመቹት ከቀን እስከ 4 እጥፍ ነው። ይህን መስፈርት አዲስ አበባ አምጥታችሁ ሞክሩት። ዳታ በፓኬጅ ነው የምንገዛው፣ ቤቱ ዋይፋይ የሌለው ብዙ ነው፣ መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ ይሄዳል። እንግዲህ ባለቤቱን ለማክበር የተቀመጠው ያው ሦስት ቅድመ ሁኔታ ስልካችንን ከጭነት ያድነዋል፤ ሞዴሉም ከኛ ሳይማር ያድራል። ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ናቸው፣ የትኛው እንደሚያመዝን እኔም አልቆረጥኩም።

አማዞን በሰኔ 2021 አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ግን አያከራክረኝም። ሳይድዎክ በሚባለው አገልግሎቱ የሰዎች ኤኮ ድምፅ ማጉያና የሪንግ ካሜራ ከቤታቸው ኢንተርኔት ጥቂት ቆርሰው ለጎረቤት ዕቃዎች እንዲያካፍሉ አደረገ፤ ቢበዛ በሰከንድ 80 ኪሎቢት፣ በወር 500 ሜጋባይት። ልኩ ትንሽ ነው። ነገር ግን አገልግሎቱ ክፍት ሆኖ ነበር የመጣው፤ የማይፈልግ ሄዶ ይዝጋ። ፓርክ ውስጥ ሠራተኛው የሜሞሪ ፍተሻውን ከፍቶ በመሄዱ «ግቡ» ይል ነበር። እዚህ ዝም ማለቱ «ግቡ» ሆኖ ተቆጠረ።

ዳታ ሴንተሩ ውስጥስ? እዚያም ባለቤቱ ይመለሳል፣ ሌላ መልክ ይዞ። አማዞን ከታህሣሥ 2009 ጀምሮ ያልተከራየ የሰርቨር ጉልበቱን «ስፖት» ብሎ በርካሽ ይሸጣል። ሌላ ቦታ ሲፈለግ ይነጥቅሃል፤ ከ2015 ጀምሮ የ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ጎግል ለተመሳሳይ አገልግሎቱ 30 ሰከንድ ነው የሰጠው። ኮንዶር 5 ደቂቃ የታገሠው ፕሮፌሰሩ ወንበሩ ላይ መቀመጡን ለማረጋገጥ ነበር። አሁን የሚመለሰው ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ደንበኛ ነው።

ጂምፕስ ዛሬም አለ። ለዓመታት እያንዳንዱን ቁጥር ሁለቴ ያስፈትን ነበር፣ በምስክር ሕግ። ከ2020 ወዲህ ግን ማሽኑ ከውጤቱ ጋር ማረጋገጫ ፋይል ይልካል፤ ሌላው ሙሉ ስሌቱን ሳይደግም በጥቂት ጉልበት ያጣራዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2024 ደብሊን፣ አየርላንድ ውስጥ ዳታ ሴንተር ያለ አንድ የኤንቪዲያ ኤ100 ካርድ 41,024,320 አኃዝ ያለው ቁጥር ፕራይም ሳይሆን እንደማይቀር ሪፖርት አደረገ። በማግስቱ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ያለ ኤች100 አረጋገጠው። ሥራውን ያስኬደው ሉክ ዱራንት የቀድሞ የኤንቪዲያ ሠራተኛ ነው፤ በ17 አገሮች ካሉ ዳታ ሴንተሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ካርዶችን አስተባብሮ። ጂምፕስ ዜናውን ሲያወጣ ተራ የግል ኮምፒውተሮች ለ28 ዓመት ይዘውት የቆዩት ዙፋን በዚህ አበቃ አለ። ሽልማቱ 3,000 ዶላር ነው፤ ዱራንት በአላባማ ለተማረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል እሰጠዋለሁ ብሏል።